አሮጌ አምፕሊፋየር ሲገዙ፦ ምን ይታያል፣ ምን ይለካል፣ ምን ይተካል

ፎቶ ይላክልኛል፤ ከሥሩ «ይሄን ልግዛው?» የሚል አንድ መስመር አለ። አንዱ ከቨርጂኒያ፣ አንዱ ከዱባይ፣ ሌላው እዚሁ ከመርካቶ ነው። የሚላከው ፎቶ ሁልጊዜ የፊት ለፊቱ ነው፦ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም፣ ሰማያዊ መብራት፣ ትልልቅ ማዞሪያ። ከፊቱ ግን የሚታወቅ ነገር የለም። መልሱ ያለው ከጀርባውና ከሆዱ ነው፤ ለሁሉም በየተራ የምመልሰውን እዚህ በአንድ ላይ ጽፌዋለሁ።

መመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ ለተሠሩ ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየሮችና ሬዲዮ ላላቸው ሪሲቨሮች ነው። ባለ ቫልቭ (በትራንዚስተር ፈንታ የመስታወት ቱቦ ያላቸው) ለሆኑት አይሠራም፤ እነሱ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ብዙ ጊዜ ከ300 ስለሚበልጥ አያያዛቸው ሌላ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። አሮጌ አምፕሊፋየር ተበላሽቶ መገኘቱ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው የተበላሸው ዕቃ ዛሬ በፋብሪካ የማይመረት፣ የማይሸጥ ሲሆን ነው። ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ)፣ ሪሌይ (የስፒከሩን መንገድ ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቁልፍ)፣ ፊውዝና የመብራት አምፖል ይገኛሉ። ዋናው ትራንስፎርመር፣ የፊቱ አሉሚኒየም፣ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ትራንዚስተር ወይም ሞጁል (ብዙ ዕቃ በአንድ ላይ የታሸገበት) ግን አይገኙም፤ ቢገኙም ዋጋቸው ከአምፕሊፋየሩ አያንስም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ እነዚህን ሁለት ዓይነት ብልሽቶች ለመለየት ናቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሚሊቮልት የሚያነብ ዲጂታል ቴስተር
- የእጅ ባትሪና ክሮስ ካቻቢቴ
- ቢቃጠል የማያንገበግብ ጥንድ ስፒከር፣ 8 ኦም
- ሙዚቃ ያለበት ስልክና ከስልክ ወደ አርሲኤ (ጀርባው ላይ ያሉት ክብ የድምፅ ቀዳዳዎች) የሚሄድ ገመድ
- የድሮው ባለ ክር አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ ከነማቀፊያው (ኤልኢዲ ለዚህ ሥራ አይሆንም)
- 1 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር፣ ሁለት ጫፉ በተሸፈነ ሽቦ የተቀጠለ
- የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ

ማስጠንቀቂያ

ክዳኑን ከፍተው የሚያዩአቸው ሁለት ወፋፍራም ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በትልልቅ አምፕሊፋየሮች ላይ እያንዳንዳቸው 60 ቮልትና ከዚያ በላይ ይይዛሉ። እጅ ከማስገባትዎ በፊት ሬዚስተሩን በሁለቱ እግሮቻቸው መካከል ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙና በቴስተር ከ2 ቮልት በታች መውረዱን ያረጋግጡ። በካቻቢቴ አገናኝቶ «ጧ» ማድረግ የተለመደ ነው፤ ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል።

ደረጃ 1፦ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ

ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቁት የጀርባውን ፎቶ ነው። ገመዱ በሚገባበት አጠገብ የቮልት፣ የኸርዝና የዋት ቁጥር ተጽፏል። ኢትዮጵያ ውስጥ ኮረንቲው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፤ ጃፓን 100 ቮልት ነው። 120 ተብሎ የተጻፈበትን 220 ላይ ቢሰኩት፣ ዕድል ካለዎት ፊውዙ ይበጠሳል። ከሌለዎት የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ፣ ማለትም ያ የማይገኘው ዕቃ ነው።

ስፒናውን አይመኑ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ስፒናው ተቆርጦ ባለ ሁለት ክብ እግር ሊተካበት ይችላል፤ ይህ የውስጡን ቮልቴጅ አይለውጠውም። ደግሞ ያው ሞዴል ለአሜሪካ ገበያ ሲሠራ ባለ 120 ብቻ፣ ለሌላው ዓለም ሲሠራ ባለ ቮልቴጅ መምረጫ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የጓደኛዬ ያው ሞዴል 220 ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። መምረጫ ካለው ቁልፉ 220 ወይም 240 ላይ መሆኑን ሳያዩ አይሰኩ፤ ቦታው ሲቀየር ፊውዙም በሌላ መጠን እንዲቀየር ጀርባው ላይ ከተጻፈ እሱንም ይቀይሩ።

ባለ 120 ከሆነ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር (ስቴፕ ዳውን) ያስፈልግዎታል። መጠኑን ከጀርባው የዋት ቁጥር ቢያንስ እጥፍ ያድርጉት፦ 250 ዋት ከተጻፈ 500 ይግዙ። ምክንያቱም አምፕሊፋየር ሲበራ ለአፍታ የሚስበው ጉልበት ከተጻፈው በጣም ይበልጣል፣ ርካሽ ስቴፕ ዳውን ላይ የሚጻፈው ዋትም ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። ስቴፕ ዳውን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። «60 ኸርዝ» ብቻ የተጻፈበት ዕቃ በ50 ላይ ትራንስፎርመሩ ይበልጥ ይሞቃል፣ ሊያጉረመርምም ይችላል፤ «50/60» ከሆነ ሐሳብ የለም።

በአሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከጃፓን ጨረታ የሚመጡትን ልብ በሉ። ስፒናቸው ከአሜሪካው ሶኬት ጋር ልክክ ይላል፣ የሚፈልጉት ግን 100 ቮልት ነው። 120 ሲሰጣቸው የውስጣቸው ቮልቴጅ ሁሉ በ20 በመቶ ከፍ ይላል፣ ያረጁት ካፓሲተሮችም ያንን አይችሉም።

ደረጃ 2፦ ሳይሄዱ የሞዴሉን ሆድ ይወቁ

የብዙዎቹ የጥገና መጽሐፍ (ሰርቪስ ማንዋል) ሃይፋይ ኢንጅን በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቦ በነፃ ይወርዳል። እዚያ የሚፈልጉት ወደ ስፒከር የሚያወጡትን የመጨረሻዎቹን ትራንዚስተሮች ቁጥር ነው። መላውን ስዕል መረዳት አይጠበቅብዎትም።

ጥሩ ምሳሌ ናድ 3020 ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ፣ በአንድ ቻናል (የግራ ወይም የቀኝ ወገን) 20 ዋት ብቻ የተጻፈበት፣ ሲያዩት የማይማርክ ጥቁር ግራጫ ሳጥን ነው። የመጨረሻ ትራንዚስተሮቹ 2ኤን3055 እና ኤምጄ2955 ናቸው፤ እነዚህ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ትራንዚስተሮች መካከል ስለሆኑ ዛሬም በፋብሪካ ይመረታሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ሲጠይቀኝ ከትልልቆቹ ይልቅ እንዲህ ያለውን እመርጥለታለሁ።

መጥፎ ምሳሌ ሶኒ ቲኤ-5650 ነው፤ መጥፎነቱ በድምፁ አይደለም። የመጨረሻ ትራንዚስተሮቹ ቪ-ፌት የሚባሉ፣ ሥራቸው ከተቋረጠ አሥርት ዓመታት ያለፋቸው ናቸው። በደንብ የሚሠራ ከሆነ ደስ ይላል፤ «ትንሽ ጥገና ይፈልጋል» ከተባለ ግን ይለፉት። አንዳንድ የቴክኒክስ ኤስዩ-ቪ ሞዴሎችም ኤስቪአይ የሚል ቁጥር ባለው ሞጁል ይሠራሉ፤ እሱም ከገበያ ወጥቷል። ሞጁል መሆኑን በዓይን ይለዩታል፦ አሉሚኒየሙ ሙቀት ማውጫ ላይ የታሰረ፣ ከሥሩ ብዙ እግሮች በአንድ ረድፍ የወጡለት ሰፊ ጥቁር ጡብ ነው።

ደረጃ 3፦ ሳይሰኩ ይመርምሩ

ክዳኑን ማስከፈት ያሳፍራል ብለው አይተዉት። ሻጩ እምቢ ካለ የሚከፍሉትን ዋጋ እንደተበላሸ ዕቃ ያስቡት።

መጀመሪያ ፊውዞቹን ይዩ። እኛ አገር ብዙ የዞረ ዕቃ ከሆነ፣ ፊውዙ መስታወት ላይ በሲጋራ ወረቀት ብር የተጠቀለለ ወይም በጎን ቀጭን የመዳብ ክር የተሳለደበት ሊያገኙ ይችላሉ። ይህን ካዩ ሌላውን ሁሉ በጥርጣሬ ይዩት፤ ፊውዙ የተበጠሰበትን ምክንያት ማንም አልፈለገም ማለት ነው። ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን ትራንዚስተሮች ያነጻጽሩ። ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ጽሑፍና አንድ ዓይነት ቀለም ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ወገን አዲስና የተለየ ከሆነ ያ ቻናል አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ነበር።

ካፓሲተሮቹ ጫፋቸው ያበጠ፣ ሥራቸው የረጠበ መሆኑን ይዩ። ግን ይጠንቀቁ፦ በ1970ዎቹ የጃፓን ዕቃዎች ላይ ከካፓሲተሩ ሥር የሚታየው ቡናማ ነገር ፈሳሽ ላይሆን ይችላል፤ ፋብሪካው ያደረገው ማጣበቂያ ነው። ሳንሱይ ኤዩ-717 በዚህ ይታወቃል። ማጣበቂያው ሲያረጅ ይጠቁርና የነካውን የዕቃ እግር ይበላል፣ ኮረንቲም ማስተላለፍ ይጀምራል። ተፋቅቆ መነሳት አለበት፤ ሥራው ሰዓት የሚፈጅ ስለሆነ ከዋጋው ላይ ይደራደሩበት።

በመጨረሻ ጀርባውን እንደገና ይዩ። ብዙዎቹ «ፕሪ አውት» እና «ሜይን ኢን» የሚባሉ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ ሁለቱ በዩ ቅርጽ በታጠፉ ትንንሽ ብረቶች ይገናኛሉ። ብረቶቹ ከጠፉ አምፕሊፋየሩ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለውም። «አይሠራም» ተብሎ በርካሽ ከሚሸጠው ዕቃ ውስጥ በዚህ ምክንያት ብቻ ዝም ያለ አይጠፋም። አጭር የአርሲኤ ገመድ ይተካቸዋል። ይህን ለሻጩ መንገር አለመንገር የእርስዎ ፋንታ ነው።

ደረጃ 4፦ በአምፖል በኩል ያብሩት

ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበትን አምፕሊፋየር በቀጥታ አይሰኩ። ከአንድ ማራዘሚያ ገመድ አንዱን ሽቦ ብቻ ይቁረጡና ባለ ክር አምፖሉን በተቆረጠው መሃል ያስገቡ፤ ኮረንቲው በአምፖሉ አልፎ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። የተቀጠለበትን ቦታ በደንብ ይሸፍኑ። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ጉልበቱን ለራሱ ይወስዳል፣ አምፕሊፋየሩም ከመቃጠል ይተርፋል።

ስፒከር ሳይገናኝ፣ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖ ያብሩ። አምፖሉ ለአፍታ ቦግ ብሎ ወዲያው ከደበዘዘ ጥሩ ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ያጥፉ፤ ሾርት አለ። ስቴፕ ዳውን ካለዎት አምፖሉን ከስቴፕ ዳውኑ በፊት በ220ው በኩል ያድርጉትና፣ መጀመሪያ ስቴፕ ዳውኑን ብቻውን ሰክተው አምፖሉ ምን ያህል እንደሚበራ ይዩ። ያንን ብርሃን በአምፕሊፋየሩ አያሳብቡም። በአምፖል በኩል ሲሆን ቮልቴጁ ስለሚቀንስ ሪሌዩ «ጠቅ» ላይል ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

ደረጃ 5፦ የስፒከር መውጫውን ዲሲ ይለኩ

ዲሲ ማለት እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኮረንቲ ነው፤ ወደ ስፒከር መድረስ የለበትም። ስፒከር የሚቃጠለው ይህችን ደረጃ በዘለለ ሰው ቤት ነው። አምፖሉን አውጥተው በትክክለኛው ቮልት በቀጥታ ያብሩ። ከ3 እስከ 10 ሰከንድ ውስጥ ሪሌይ ያላቸው «ጠቅ» ይላሉ። አምስት ደቂቃ ያሙቁት፣ ቴስተሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ ያድርጉ፣ ቀዩን ጫፍ በቀዩ፣ ጥቁሩን በጥቁሩ የስፒከር ቀዳዳ ላይ ይያዙ፤ ሁለቱንም ቻናል ይለኩ።

- ከ50 ሚሊቮልት በታች፦ ጤነኛ ነው።
- ከ50 እስከ 100፦ ይሠራል፣ ጥገና ወይም ማስተካከያ ይፈልጋል።
- ከ100 በላይ፦ ስፒከር አያገናኙ።
- ብዙ ቮልት፦ የመጨረሻ ትራንዚስተር ሄዷል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ዜሮ ያታልላል። ሪሌዩ «ጠቅ» ሳይል ዜሮ ካነበቡ፣ ሪሌዩ ወደ ስፒከር የሚወስደውን መንገድ ስላልከፈተ ነው እንጂ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ሪሌዩ መንገዱን አልከፍት ያለው ዲሲ አይቶ ሊሆን ይችላል። ፊት ያለው «ስፒከር ኤ» ቁልፍ ካልተጫነም እንዲሁ ዜሮ ያነባሉ። እንደ ኳድ 303 ያሉ በመውጫቸው ላይ ካፓሲተር ያላቸው ደግሞ ዲሲውን ስለሚያግዱት፣ ይህ ልኬት ስለ ውስጣቸው ብዙ አይነግርዎትም።

ደረጃ 6፦ በርካሹ ስፒከር ይስሙ

ስልኩን «ኦክስ» ላይ ያገናኙ። ድምፅ ከሌለ ከመደንገጥዎ በፊት «ቴፕ ሞኒተር» የሚለው ቁልፍ ተጭኖ እንደሆነ ይዩ፤ ከተጫነ አምፕሊፋየሩ ከሌለ ቴፕ ድምፅ እየጠበቀ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን ማዞሪያና ቁልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንቀሳቅሱ። የሚሰሙት ድምፅ ብዙ ይናገራል፦

ቮልዩሙን ሲያዞሩ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ ስፕሬይ ያጠራዋል። በዝቅተኛ ድምፅ አንዱ ቻናል ጠፍቶ ቮልዩሙን ከፍ ሲያደርጉ ብቅ የሚል ከሆነ የሪሌዩ ወይም የስፒከር ቁልፉ ኮንታክት ዝጓል፤ ይህም ቀላል ነው። ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም የማይጠፋ «ህምም» ካለ የኃይል ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል፤ ይተካሉ፣ ግን ርካሽ አይደሉም። «ህምም»ው ከቮልዩሙ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ መጀመሪያ ገመዱን ይጠርጥሩ። ሙዚቃ ሳይኖር ከአንድ ወገን ብቻ ሽንኩርት ሲቁላላ የመሰለ «ቸስስ-ጧ» ከሰሙ ያረጀ ትንሽ ትራንዚስተር ነው፤ 2ኤስሲ458 እና 2ኤስኤ726 የሚባሉት በዚህ ስማቸው ጠፍቷል፣ መተካታቸውም ከባድ አይደለም።

አንድ ቻናል ጨርሶ ከሌለ የግራና የቀኙን መግቢያ ገመድ ያቀያይሩ። ዝምታው ወገን ከቀየረ ጥፋቱ የስልኩ ወይም የገመዱ ነው፤ እዚያው ከቀረ የአምፕሊፋየሩ ነው።

ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያጫውቱት። አንዳንድ ብልሽት ሲሞቅ እንጂ ሲበርድ አይታይም። ሸክላ የሚያጫውቱ ከሆነ «ፎኖ»ውን በራሱ በሸክላ ማጫወቻ ይሞክሩ፤ ስልክ እዚያ ላይ አይሰካም፣ ድምፁን ያዛባዋል።

ደረጃ 7፦ መለዋወጫ ሲገዙ

ገንዘብ በብዛት የሚባክነው አምፕሊፋየሩ ሲገዛ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱ የተጭበረበረ ትራንዚስተር ነው። ቶሺባ ይሠራቸው የነበሩት 2ኤስሲ3281 እና 2ኤስኤ1302 ከተቋረጡ ቆይተዋል፤ ዛሬ «አዲስ ኦሪጅናል» ተብለው በኦንላይን ገበያ የሚሸጡት በአብዛኛው ሌላ ደካማ ትራንዚስተር ላይ የታተመ ስም ናቸው። ሲሰኩ ይሠራሉ፣ ቮልዩሙ ከፍ ሲል ይሄዳሉ፣ ሲሄዱም ሌሎቹን ይዘው ነው። በእነሱ ፈንታ ኤምጄኤል3281ኤ እና ኤምጄኤል1302ኤ ይጠይቁ፤ ከማውዘር፣ ከዲጂ-ኪ ወይም በአውሮፓ ከፋርኔልና ከአርኤስ ይግዙ። እነዚህ ሻጮች በቀጥታ ከፋብሪካ ይቀበላሉ። ዋጋቸው ከፍ ያለ ቢመስልም ሁለት ጊዜ አይገዙም።

ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ኦሪጅናል ከአዲስ ሐሰተኛ ይሻላል። ምናለሽ ተራን ወደ መሰለ ቦታ የሚገባ የተሰባበረ አምፕሊፋየር ካገኙ፣ ትራንዚስተሮቹን በቴስተሩ ዳዮድ መለኪያ ይለኩ፦ ከቤዙ (ከሦስቱ እግሮች መቆጣጠሪያው) ወደ ሁለቱ ሌሎች እግሮች፣ ወደ ኤሚተሩና ወደ ኮሌክተሩ፣ በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት፣ በተቃራኒው ምንም ማንበብ የለበትም። በሌሎቹ ሁለት እግሮች መካከል ዜሮ ካነበበ ተቃጥሏል። ማዞሪያዎችን፣ የፊት አሉሚኒየምን፣ ሙቀት ማውጫንም ከእንዲህ ያለው ዕቃ እንጂ ከሌላ አያገኙም።

ጥቂት ነጥቦች በትራንዚስተር ላይ፦ የጃፓኖቹ ላይ «2ኤስ» አይጻፍም፣ «ሲ458» ብቻ ነው የሚያዩት። ትንንሾቹ ጃፓኖች እግራቸው በአብዛኛው ኤሚተር-ኮሌክተር-ቤዝ ሲሆን፣ እንደ 2ኤን3904 ያሉ የአሜሪካ ትራንዚስተሮች ኤሚተር-ቤዝ-ኮሌክተር ናቸው። ጠጋኙ ይህን ካላየ ትክክለኛው ምትክ ራሱ ይቃጠላል። የመጨረሻ ትራንዚስተር ሲተካ ጥንዱ አብሮ ይተካል፣ አጠገቡ ያሉት ድራይቨሮች (የመጨረሻዎቹን የሚነዱት ትራንዚስተሮች) እና የኤሚተር ሬዚስተሮችም ይለካሉ፤ አለበለዚያ አዲሱ በአሮጌው ምክንያት ይሄዳል።

ካፓሲተር ሲገዙ ማይክሮፋራዱ ያው፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚል ይሁን። ኒቺኮን፣ ፓናሶኒክና ሩቢኮን ይበቃሉ። የዛሬዎቹ ከድሮዎቹ ስለሚያንሱ ውፍረታቸውንና የእግራቸውን ርቀት አስቀድመው ይለኩ። ትልልቆቹን የኃይል ካፓሲተሮች «ትንሽ ጨምሬ» ብለው እጥፍ አያድርጓቸው፤ ሲበራ የሚስቡት ጉልበት ኮረንቲ የሚያቃናውን ዳዮድ ይጎዳል።

ሪሌይ ሲሆን የኮይሉ ቮልት ያው ይሁን፤ ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ነው፣ ግን ላዩ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ።

ዕቃ የሚያመጣልዎት ሰው ከውጭ ከመምጣቱ በፊት ዝርዝሩን በሙሉ ይጨርሱ። ሙሉውን የዕቃ ቁጥር ይላኩ፤ «የማራንዝ ትራንዚስተር» ብሎ ማዘዝ የፈለጉትን አያመጣም። መለዋወጫ በኪስ ይገባል፤ አምፕሊፋየሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 8፦ ሲጓዝ እንዳይሰበር

ማራንዝ 2270 ወደ 17 ኪሎ፣ ፓዮኒር ኤስኤክስ-1250 ወደ 29 ኪሎ ይመዝናል። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው የሚፈቅዱት፤ ስለዚህ ዋጋ ከመደራደርዎ በፊት ክብደቱን ይጠይቁ። ክብደቱ የተከማቸው ትራንስፎርመሩ ጋ ነው። ካርቶኑ በአንድ ጎኑ ቢወድቅ ትራንስፎርመሩ የታችኛውን ቆርቆሮ ያጣምማል፣ ቦርድም ይሰነጥቃል። ሁለት ካርቶን፣ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ስፖንጅ ያድርጉ። ማዞሪያዎቹን ነቅለው ለብቻ ያሽጉ፤ ግፊት ካረፈባቸው ከኋላቸው ያለው ዘንግ ይታጠፋል። ልብስ መካከል ጠቅልሎ መላክ ለቀላሎቹ ይሆናል፣ ለ29 ኪሎው አይሆንም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- «በርቷል» የሚለውን «ይሠራል» ብሎ መቀበል። የፊቱ መብራት ከድምፁ መንገድ ጋር ብዙ ጊዜ ግንኙነት የለውም።
- ሁሉንም ካፓሲተር በአንድ ቀን መቀየር። አንዱን በተገላቢጦሽ ቢሳልዱ የትኛው እንደሆነ ለማግኘት ይቸገራሉ። በጥቂት በጥቂቱ ይቀይሩ፣ በየመሃሉ በአምፖል ይሞክሩ።
- የሪሌይ ኮንታክት በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ። ላዩ ላይ ያለው ስስ ብር ይነሳና ከወር በኋላ የባሰ ይሆናል። በማጽጃ የረጠበ ወረቀት በመሃሉ ማሳለፍ ይበቃል።
- ቮልዩም ላይ ዘይት ወይም ለመኪና የሚሆን ስፕሬይ መንፋት። አቧራ ይሰበስባል፣ የካርቦኑንም መንገድ ያበላሻል።
- ባለ 8 ኦም ብቻ ለሆነ አምፕሊፋየር 4 ኦም ስፒከር በ«ኤ» እና በ«ቢ» አብሮ ማገናኘት። ሁለቱ ጥንዶች በአንድነት 2 ኦም ይሆናሉ፤ ጠጋኝ ቤት የሚደርሰው ብዙ አምፕሊፋየር ከሰርግ ወይም ከልደት ማግስት የሚመጣው በዚህ ነው።